ከሜዳው አልወጣም

ካሴ የተገኘው ሸለቆው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ያገኙትም ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል፤ ድንጋዩም ሩቅ አልሄደም፣ ደም እንደለበሰ አጠገቡ ወድቋል። ኮቱ አዲስ ነው፤ ጫማው የከተማ ጫማ ነው፤ በብብቱ ሥር ለእናቱ የገዛው ነጠላ ከነመጠቅለያው አለ። ስምንት ዓመት የጋይንትን አፈር ሳይረግጥ ኖሮ፣ ገና እግሩ ከመንካቱ ከኋላው መጥቶ የጣለው ሰው አለ። ይህን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ ደግ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊዜው ጥር ወር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ነው። ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀበሌው የማይወጣበት ዘመን። ያኔ ከነፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚበረው ዳኮታ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያርፍና፣ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን አንድ ሰዓት ቆይቶ ይነሳል። በዚያ ማክሰኞ ካሴ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነበር። አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ያለ እሱ ተነሳ። አምስት ሰዓት ላይ ሬሳው ተገኘ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጥጋቡ ገዳዩን አስሮ ጨርሶ ነበር።

መርማሪው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ቸኮል ይባላል። የእስቴ ሰው ነው። ስም ያወጡለት ወላጆቹ ምን እንዳሰቡ እንጃ እንጂ፣ እንደሱ ዝግ ያለ ሰው በአውራጃው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ያውቁለታል፤ ሲናደድ ድምፁ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ በከንቱ ደከምክ» አለው ጥጋቡ ሸለቆው አፋፍ ላይ ሆኖ። «ነገሩ አልቋል። ደመኛው ይኸውልህ!»

ደመኛ ያለው ደሴን ነው። ደሴ እጁን ወደ ኋላ በጠፍር ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጺሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በአንድ ሰርግ ላይ ለደስታ ወደ ሰማይ ሲተኮስ፣ ከጠመንጃዎቹ አንዱ ዝቅ ብሎ የደሴን ታላቅ ወንድም አዳነን ገደለው። ጥይቱ ከካሴ ጠመንጃ የወጣ ነው ተባለ። ካሴ በዚያው ዕለት ጠፋ፤ አሰብ ገብቶ ብረት በያጅ ሆነ። ደሴም የወንድሙን ደም ሳይመልስ ምላጭ ጺሙን ላይነካው ማለ።

ቸኮል ደሴ ፊት ቁጢጥ አለ። «ካሴ ዛሬ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?»

«ባውቅማ ኖሮ!» ደሴ ጥርሱን ነከሰ። «ባውቅማ ምንሽር ጠመንጃዬን ይዤ ከፊቱ እቆም ነበር። በድንጋይ? ያውም ከኋላ? ደም የሚመልስ ሰው ስሙን ጠርቶ፣ ፊቱን አሳይቶ ነው የሚገድል። ከገደለም በኋላ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይፎክራል፣ ጺሙን ይላጫል። እኔ ወንድሜን በድንጋይ ላዋርደው? የማን ልጅ መስየሃለሁ?»

«ጠዋት የት ዋልክ?»

«እዚያው አውድማዬ ላይ ገብስ ሳነፍስ። ነፋሱም ዛሬ የተረገመ ነው፤ አይሮፕላኑ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ዞረብኝ። እብቁ ሁሉ ተመልሶ ምርቴ ላይ አረፈ። ስረግም ስረግም ወዲያ ማዶ ዞሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ጥጋቡ ከት ብሎ ሳቀ። «ስሙልኝ! ምስክሩ ነፋስ ነው! ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ አስር ሰዓት ላይ መኪናው ይመጣል፤ ይህ ፀረ ሕዝብ በሱ ይሄዳል። የሰፊው ሕዝብ ፍርድ አይዘገይም።»

ስለዚያ መኪና ጋይንት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። በሱ የተጫነ ሰው ተመለሰ ሲባል የሰማ የለም፤ ሬሳውም ቢሆን ለዘመድ አይሰጥም። ደሴም ያውቃል። ዓይኑ ግን ከጥጋቡ ፊት አልተነሳም።

ቸኮል ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። «መኪናው እስኪመጣ ይህ ሰው በእኔ እጅ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ከዚያ በፊት የነካው ሰው ለእኔ ይመልሳል።»

መጀመሪያ የሄደው ወደ ደሴ አውድማ ነው። ሰዉ ሳቀበት። ሬሳ ወዲህ ወድቆ እሱ ገለባ ሊያይ! ቸኮል ግን በአውድማው ዙሪያ ሁለቴ ዞረ። በደብረ ታቦር በኩል ትልቅ የእብቅ ክምር አለ፤ በጋሸና በኩል ደግሞ ትንሽ ክምር። ጠዋት ጠዋት በዚያ ወራት ነፋሱ ከጋሸና በኩል ነው የሚመጣው፤ እብቁን ወደ ደብረ ታቦር ይወስዳል። ትንሿ ክምር ከየት መጣች? ቸኮል ወደ ጎረቤቱ አውድማ ተሻገረ። እዚያም እንደዚያው፣ ትልቅ ክምር ወዲህ፣ ትንሽ ክምር ወዲያ። ከዚያ በሦስተኛው አውድማ ላይ ትንሽ ቆመና አንድ የገብስ ዛላ አንስቶ እያኘከ ወደ አውሮፕላኑ ሜዳ ወጣ።

ሜዳው ላይ ያለው ቤት አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነው። የተሳፋሪ ሻንጣ ስለሚመዘንበት ሰው ሚዛን ቤት ይለዋል። ኃላፊው ተክሌ ነው። ትኬት ይቆርጣል፣ ሻንጣ ይመዝናል፣ በአውሮፕላን የሚመጣውን ደብዳቤ ያድላል፤ ማንበብ ለማይችሉትም ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል። ሰው ሁሉ ይወደዋል። ቸኮል ሲገባ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ካሴ አብሮ አደጌ ነበር» አለ ተክሌ። «ያ ክፉ ነገርም የደረሰው በእኔው ሰርግ ላይ ነው። ካሴ ሚዜዬ ነበር። ዛሬ ከስምንት ዓመት በኋላ ሳየው አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ለምን ከሜዳው ወጣ?»

«እናቱ ናቸዋ! ቤታቸው ከሸለቆው ማዶ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። 'ልውጣ ወይስ ልቅር' እያለ አንድ ሰዓቱን በጭንቀት ጨረሰው። እኔ 'አትውጣ፣ ደሴ አለልህ፣ አውሮፕላኑም ያመልጥሃል' ብዬው ነበር። ልቡ አልቻለለትም፣ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠበቅኩት። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሞተሩ ሲነሳ፣ ቸግሮኝ ሻንጣውን አስወረድኩ። አውሮፕላኑ እንደ ወትሮው ወደ ጋሸና ዞሮ ተነሳ። እዚችው በር ላይ ቆሜ እጄን አውለብልቤ ሸኘሁት። ያኔ እሱ ሞቶ ነበር ማለት ነው።» ተክሌ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

ቸኮል የሚያኝከውን የገብስ ዛላ ከአፉ አወጣ።

የሜዳው ጠባቂ አያ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ሥራቸው ከብት ማባረርና ጭስ ማጨስ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ፓይለቱ እንዲያይ እርጥብ ሣር ያነዳሉ። ቸኮል ከሜዳው መሐል አመዱ አጠገብ አገኛቸው።

«አያ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ካሴን አይተውታል?»

«እንዴት አላየው! ያሳዝን ነበር። አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይቀመጣል። ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል። አንድ ጊዜ ከበሩ አንድ እግሩን አውጥቶ መልሶ አስገባው። እኔማ 'ይህ ሰው ቀልቡን ጥሏል' አልኩ። ኋላ ተክሌ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ሲነግረው እንደ እሳት ተነስቶ ወጣ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቢሆን ነው።»

«ተክሌ ምን አለው?»

«አልሰማሁ። እኔን ጭሱ ጨንቆኝ ነበር። ነፋሱ ድንገት ዞሮ ጭሱን አይሮፕላኑ ላይ ላከብኝ። እሳቱን ከወዲህ ወስጄ ላነድ ክብሪት ፍለጋ ሚዛን ቤት ገባሁ። ማንም የለም። ክብሪቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። አንድ ቀይ ሻንጣ ደግሞ አደናቅፎ ሊጥለኝ!»

ያ ቀይ ሻንጣ የካሴ መሆኑን ቸኮል አይቶታል፤ ስሙ ተጽፎበታል። «ያኔ ሞተሩ ተነስቶ ነበር?»

«ኧረ ገና! ተሳፋሪዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ወግ ይዘው ነበር።»

የካሴን ሬሳ በቃሬዛ አምጥተው ከሚዛን ቤቱ ጥላ ሥር አሳርፈውት ነበር። እናቱ ማንጠግቦሽ አጠገቡ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ሴቶቹ ሊያስለቅሷቸው ሞከሩ፤ አሮጊቷ ግን «ዝም በሉ!» ብለው ተቆጡ። «ማን እንደገደለው ሳልሰማ አላለቅስም። ልጄ ከብት አይደለም፣ ዝም ብሎ አይለቀስለትም።»

ቸኮል ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ልጅዎ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

«ደብዳቤ ላከልኝ፣ ልጄ። ተክሌ ነው ያነበበልኝ። 'ማክሰኞ በጋይንት ላይ ያልፋል፣ ግን ከአይሮፕላኑ መውረድ አይፈቀድለትም፤ እርስዎ ከሜዳው ጫፍ ባህር ዛፉ ሥር ይቀመጡ፣ እሱ በመስኮት ያይዎታል' አለኝ። 'ደሴ እንዳይሰማ ወረቀቱን ለማንም አያሳዩ' አለኝ። ዓይኔ ደክሟል እንጂ እግሬ ደህና ነው። ገና ሳያርፍ ደረስኩ።»

«ባህር ዛፉ በደብረ ታቦር በኩል ያለው ነው?»

«እሱ ነው። ሰው እማይደርስበት። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ አይሮፕላኑ ሲነሳ በራሴ ላይ አለፈ። ነፋሱ ነጠላዬን ገፈፈው። ልጄ በላዬ አለፈ ብዬ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ መረቅሁት።» እጃቸውን አዩት። «ባዶውን ነው የመረቅሁት፣ አይደል? እሱ እዚህ ወድቆ ኖሯል።»

ቸኮል ይበልጥ ጎንበስ አለ። «ደብዳቤው አለ?»

ይህን ጊዜ ተክሌ ከኋላ ደረሰ። «እማማ፣ እውነትም ያችን ወረቀት ለእኔ ይስጡኝ። መንግሥት ይፈልጋታል፤ እኔ አስቀምጣለሁ።»

«መንግሥት ከፈለጋት መንግሥት እዚህ ቆሟል» አለ ቸኮል እጁን ዘርግቶ።

ማንጠግቦሽ ከጡታቸው ሥር በላብ የራሰች ወረቀት አወጡና ለቸኮል ሰጡት። ቸኮል ቆሞ አነበባት። ደግሞ አነበባት። አጥፎም ደረት ኪሱ ከተታት። ከዚያ በኋላ ድምፁ በጣም ዝቅ ስላለ አጠገቡ የነበሩት እንኳ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። «ጓድ ጥጋቡ፣ ሰው ሁሉ ይሰብሰብ። ደሴንም አምጡት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚዛን ቤቱ ፊት ለፊት ሰው ሞላ። ደሴ እንደታሰረ መሐል ቆመ። ተክሌ ሚዛኑን ተደግፏል። አያ ወልደ ጊዮርጊስ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈዋል። ጥጋቡ መኪናው የሚመጣበትን መንገድ ደጋግሞ ያያል።

«ምኑን ነው የምንጠብቀው?» አለ ጥጋቡ። «በስምንት ዓመት ደም ላይ ምርመራ ምን ያደርጋል?»

«ጓድ ጥጋቡ፣ አንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው የዋልከው» አለ ቸኮል። «ቁጭ በልና ስማ። እኔን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ካሴ ከደመኛው እንዳይገናኝ ብሎ በአውቶብስ መሄድን ትቶ በአውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለው። እግሩን አውጥቶ መልሶ እንዳስገባ አያ ወልደ ጊዮርጊስ አይተውታል። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ፍርሃቱን አምኖ የተቀመጠ ሰው፣ በአንዲት ደቂቃ ምን ሰምቶ ተነሳ? የነገረው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ተክሌ ዞረ።

«አትውጣ ነው ያልኩት!» አለ ተክሌ። «ነግሬዎታለሁ!»

«ነግረኸኛል። 'አትውጣ' ሲባል እየሮጠ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ይሁን፣ ይለፍ። ሻንጣው ጋ እንምጣ። ሞተሩ ሲነሳ አስወረድኩት ብለኸኛል። አያ፣ ሻንጣው መቼ አደናቀፈዎት?»

«ተሳፋሪው ገና ሣሩ ላይ ሳለ» አሉ ሽማግሌው። ዱላቸውን ከአገጫቸው ሥር አነሱ። «እውነትም! ሞተሩ ገና ነበር።»

«ስለዚህ ካሴ ወጥቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው ሻንጣውን አውርዶለታል። ተመልሶ ይሳፈራል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ሻንጣ ለምን ይወርዳል?»

«ለ... ለጥንቃቄ ነው» አለ ተክሌ። «ቢዘገይ ብዬ።»

«ጥሩ። አውሮፕላኑ ሲነሳስ የት ነበርክ?»

«በሩ ላይ! እጄን ሳውለበልብ!»

«በየት በኩል ተነሳ?»

ተክሌ አንድ ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። «እንደ ወትሮው... ወደ ጋሸና።»

ከሕዝቡ መሐል አጉረመረሙ። አያ ወልደ ጊዮርጊስ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ውሸት! ወደ ደብረ ታቦር ነው የተነሳ!»

«አውሮፕላን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ነው የሚነሳው» አለ ቸኮል ወደ ሰዉ ዞሮ። «ነፋስ መውጫ ላይ ጠዋት ነፋሱ ከጋሸና ይመጣል፤ ስለዚህ ዳኮታው ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ጋሸና ይነሳል። ዛሬ ግን ነፋሱ ዞረ። የጓድ ጥጋቡ መሳቂያ የሆነው የደሴ ነፋስ ማለት ነው። በደሴ አውድማ እብቁ በሁለት ወገን ተከምሯል። በጎረቤቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። የአያ ጭስ ተመልሶ አውሮፕላኑ ላይ ሄደ። እማማም ከደብረ ታቦር በኩል ተቀምጠው አውሮፕላኑ በራሳቸው ላይ አለፈ። ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ያወቁትን፣ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘሁት የሚለው ሰው አላወቀም!»

«ተሳስቼ ነው፤ ሁልጊዜ ስለማየው...»

«አዎ፣ ሁልጊዜ ያየኸውን ነው የነገርከኝ። የዛሬውን ግን አላየህም። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው የሞተሩን ድምፅ ይሰማል እንጂ በየት እንደተነሳ አያይም።»

ደሴ አፉን ከፍቶ ተክሌን ያያል።

«ለምን ብዬ?» ተክሌ ጮኸ። «ወንድሜ እኮ ነው! ምን አድርጎኝ ልግደለው?»

ቸኮል ከደረት ኪሱ ወረቀቷን አወጣ። «እማማ፣ ልጅዎ የጻፈልዎትን አሁን ነው የሚሰሙት» አለና ማንበብ ጀመረ።

«'እምዬ፣ እንደምን አለሽልኝ። ማክሰኞ ጥር ሃያ ሰባት አውሮፕላኑ ነፋስ መውጫ ላይ አንድ ሰዓት ያርፋል። ደሴን ስለምፈራ ከሜዳው አልወጣም። አንቺ ነይልኝ። ከሚዛን ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ...'»

«በር ላይ?» አሉ ማንጠግቦሽ። «በር ላይ ነው የሚለው?»

«በር ላይ ነው፣ እማማ።»

«እኔ እኮ ባህር ዛፉ ሥር ነበርኩ!» አሮጊቷ ተነሱ። «እሱ በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ባህር ዛፉ ሥር! ከዚህ እስከዚያ እኮ ጠርቼው የሚሰማኝ ነው! አንድ ሰዓት ሙሉ!»

ቸኮል ማንበቡን ቀጠለ። «'ሽማግሌዎችንም ይዘሽ ነይ። በዚያ ሰርግ ቀን ጠመንጃዬ በእጄ አልነበረችም። በሰርጉ ቀን ሙሽራ አይታሰርም፣ ሚዜ ለሙሽራው ነው ብዬ ጥፋቱን ተሸከምኩ። አንድ ወር ብቻ ቆይ፣ ሽማግሌ ልኬ እውነቱን አወጣለሁ አለኝ። አንድ ወሩ ስምንት ዓመት ሆነ። አሁን ግን አንቺን ሳላይ ሞት እንዳይቀድመኝ ፈራሁ። ያኔ ጠመንጃዬን የያዘውን ሰው ስም በሽማግሌዎቹ ፊት እጠራለሁ።'»

ወረቀቷን አጠፋት። «በዚያ ሰርግ ሙሽራው ማን እንደነበር ለጋይንት ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ይህችን ደብዳቤ ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ተክሌ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። የሚዛኑ መርፌ ተንቀጠቀጠ። «ልጆች አሉኝ» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ያኔ ሙሽራ ነበርኩ። ጠመንጃውን ነጥቄው ስተኩስ እጄ ዝቅ አለ። በየዓመቱ ልናገር እላለሁ፣ ደግሞ ልጅ ይወለዳል... ዛሬም ለመንኩት። 'አትናገር' አልኩት። 'እናቴን ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን' አለኝ። ያኔ 'እናትህ በጠና ታማለች፣ አልጋ ላይ ናት፣ አውሮፕላኑም እኔ ሳልፈቅድ አይነሳም' አልኩት። ለፓይለቱ 'እዚህ ይቀራል' አልኩት። ሮጬ ሸለቆው ውስጥ ደረስኩበት። የሞተሩ ድምፅ ሲበረታ...»

ጥጋቡ ብድግ አለ። «አንተ አድኃሪ! ከመጀመሪያውም ጠርጥሬህ ነበር! አሁኑኑ መኪናው ላይ...»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ቸኮል ወደ ጥጋቡ ተጠጋ። ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። «ይህ ሰው በመኪናህ አይሄድም። ቃሉን ጽፌ፣ በእግሩ ከእኔ ጋር ሄዶ ዳኛ ፊት ይቆማል። አንተ ሬሳውን እንኳ ሳትገለብጥ ሰው አስረህ ለሞት አዘጋጅተሃል። አንድ ሰዓት ብዘገይ ደሴን ጭነኸው ነበር። የዛሬውን ሁለተኛ ገዳይ አንተን አደርግህ ነበር፣ ገባህ? ያንን ጠፍር አንተ ነህ ያሰርከው። አንተው ፍታው።»

ጥጋቡ ሰዉን አየ። ሰዉም እሱን አየው። ጎንበስ ብሎ ሲፈታ ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ ከኋላ አንዲት ሴት «ሲያስሩማ ቀላል ነው!» አለችና ሰው ሁሉ አጉረመረመ።

ደሴ የታሰረበትን እጁን እያሸ ማንጠግቦሽ ፊት ደረሰ። ተክሌን አላየውም። ጺሙን በእጁ ጨበጠ፤ የሚነቅለው መሰለ። «እማማ... ስምንት ዓመት... ያለ ጥፋቱ...» ተንበረከከ።

አሮጊቷ ከላይ ሆነው አዩት። ፊታቸው አልተፈታም። «አንተ አልገደልከውም» አሉ። «ግን ስምንት ዓመት 'አትምጣ፣ ልጄ፣ አትምጣ' እያልኩ ያስጻፍኩት አንተን ፈርቼ ነው። ይህ ደግሞ ደብዳቤዬን ይጽፍልኝ ነበር።» በአገጫቸው ተክሌን አመለከቱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅርታው ይቆይ። መጀመሪያ ተሸከመው። ከአሰብ ድረስ መጥቶ የቀረው ከዚህ እስከ ደጄ ነበር። አንተ አድርስልኝ።»

ደሴ ተነሳ። የቃሬዛውን የፊት ጫፍ በትከሻው አነሳ፤ ሦስት ሰዎች ሌላውን ያዙ። በሸለቆው መንገድ፣ ካሴ ሊሄድበት በነበረው መንገድ ወረዱ። ቸኮል ነጠላውን ከነመጠቅለያው ለማንጠግቦሽ ሰጣቸው። ወረቀቱን ቀደው አወጡት፣ ጥለቱን ዳበሱት፣ ዘቅዝቀው ለበሱትና ከቃሬዛው ኋላ ተከተሉ። ማልቀስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።